ሻን ኖስን ከጎጃም ሆኖ ለመማር፦ የሾሰቭ ኦ ሄኒ የድምፅ ማኅደርና ደጋፊዎቹ

በአይሪሽኛ የሚዜመውን የአየርላንድ የጥንት ዘፈን፣ ሻን ኖስን፣ ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ሆኖ መማር ይቻላል። የሚያስፈልገው ስልክ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው። ዋና ዋናዎቹ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ገንዘብ አይጠይቁም። ከሁሉም አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው የሾሰቭ ኦ ሄኒን የድምፅ ማኅደር ነው። ሌሎቹ ደጋፊዎች ናቸው፤ ያለ እሱ ሩቅ አያስኬዱም።

ሾሰቭ ኦ ሄኒ፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ጆ ሂኒ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ በኮነማራ፣ ካርና በሚባል አጥቢያ ተወልዶ በ1984 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ያረፈ ዘፋኝ ነው። በመጨረሻ ዓመታቱ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። በ1982 የአሜሪካ መንግሥት ለባህል ጥበብ ሊቃውንት የሚሰጠውን ብሔራዊ ክብር ተቀብሏል። በአየርላንድ በጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ በኩል የተዘጋጀው ይህ ማኅደር «ጆ ሂኒ ዶት ኦርግ» በሚል አድራሻ ይገኛል፤ ገጹም በአይሪሽኛና በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ዘፈን ሲከፈት ድምፁ፣ የአይሪሽኛው ግጥም፣ የእንግሊዝኛ ትርጉሙና ስለ ዘፈኑ የተጻፈ ማብራሪያ በአንድ ቦታ ይቀርባሉ። ከዘፈን ሌላ ተረትና ወግም አለበት። ተረቶቹን መስማት ቋንቋውን ከዜማ ውጭ ለመልመድ ስለሚጠቅም ባይዘለሉ ጥሩ ነው።

ለጎጃም ተማሪ ይህ አቀራረብ ይስማማል። ቅኔ ቤትና ዜማ ቤት ባለበት አገር ትምህርት ከመምህር አፍ ነው የሚወሰደው፤ ተማሪው ይሰማል፣ ይቀጽላል፣ ይታረማል። ሻን ኖስም የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው። በኖታ የተጻፈ የሻን ኖስ ዘፈን የሚያሳየው ዐፅሙን ብቻ ነው፤ ነፍሱ የዘፋኙ ጉሮሮ ውስጥ ናት። ማኅደሩ ላይ የሚጎድለው የሚያርም መምህር ነው። በደረጃ የተከፋፈለ ኮርስም አይደለም፤ ለአድማጭና ለተመራማሪ የተሠራ ስለሆነ የቱ ዘፈን ቀላል፣ የቱ ከባድ እንደሆነ አይናገርም። በአማርኛ ምንም የለውም፤ እንግሊዝኛ ደህና አድርጎ ማንበብ የማይችል ሰው ማብራሪያውን የሚያነብለት አጋዥ ያስፈልገዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ሻን ኖስ በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ፣ ያለ መሣሪያና ያለ ተቀባይ ይዜማል። አካሄዱ ግጥሙን ይከተላል እንጂ እጅ የሚያጨበጭቡበት፣ እግር የሚመቱበት ስልት የለውም። ዘፋኙ ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ ስሜት አይፈጥርም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ልክ ይሄዳል። ፊቱም አይለዋወጥም፤ ብዙዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚዘፍኑት። አጠገቡ የተቀመጠ አድማጭ እጁን ይዞ በዝግታ ያዞርለታል፤ በየስንኙ መካከልም «ዲየ ላት» ይሉታል፤ እግዜር ካንተ ጋር ይሁን እንደማለት ነው። ብዙ ዘፋኞች የመጨረሻዋን ስንኝ ወይም የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቃላት ሳያዜሙ በተራ ንግግር ይጨርሷቸዋል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ቀረጻው የተቋረጠ ይመስለዋል፤ አልተቋረጠም፣ የዘፈኑ ማሳረጊያ ነው።

ከጎጃም ድምፆች ለዚህ በጣም የሚቀርበው የብቸኛ ሰው እንጉርጉሮ ነው። ቀረርቶም ያለ ምት ስለሚሄድ የሚመሳሰል ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን ሌላ ነው። ቀረርቶ የለመደ ጉሮሮ ደረቱን ነፍቶ ይወረውራል፤ ሻን ኖስ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ለተቀመጡ ሰዎች እንደሚነገር ወሬ በሚበቃው ድምፅ ብቻ ይሄዳል። አፍንጫ ላይ ትንሽ የሚያርፍ ድምፅ በኮነማራ ዘፋኞች ዘንድ የተለመደ ነውና ሲሰሙት እንደ ጉድለት መቁጠር አይገባም። ይልቅስ መወገድ ያለበት በረጅም ድምፅ ላይ የሚጨመረው ንዝረት ነው፤ በኪቦርድና በማይክሮፎን የተለማመዱ ዘፋኞች ሳያውቁት ያመጡታል።

ስለ አካባቢ ስልቶች አንድ ነገር ገና ሳይጀመር መወሰን አለበት። አይሪሽኛ ዛሬም በሚነገርባቸው አካባቢዎች ሦስት ዋና ዋና የአነጋገር ዘዬዎች አሉ፤ የዘፈኑም ስልት አብሯቸው ይለያያል። የኮነማራው በጌጥ፣ ማለትም በዋናው ድምፅ ዙሪያ በሚጨመሩ ፈጣን ድምፆች፣ የበለጸገ ነው፤ ጌጦቹ ጥቃቅንና ቅርብ ለቅርብ ናቸው። የደቡቡ፣ የማንስተር ስልት ድምፁን ሰፋ አድርጎ ከዝቅታ ወደ ከፍታ ይዘረጋል፤ የዚህን ምሳሌ ለመስማት ከዋተርፎርድ አውራጃ የተገኘውን ኒክላስ ቶቢንን (1928–1994) መፈለግ ነው። የሰሜኑ፣ የዶነጎል ስልት ጌጡን ይቀንሳል፣ አካሄዱም የተስተካከለ ነው፤ ለዚህ ሊሊስ ኦ ሊረን መስማት ይበቃል። ሦስቱንም መስማት ጆሮን ያሰፋል፤ ለመማር ግን አንዱን ብቻ መያዝ ግድ ነው። ግማሹን ቃል በማንስተር፣ ግማሹን በኮነማራ የሚጠራ ዘፋኝ ዜማውም ይናጋበታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዘዬ ሲለወጥ የአናባቢው ርዝመትና የቃሉ ጫና፣ ማለትም ጠንከር ተብሎ የሚነገረው ክፍሉ፣ ይለወጣል። ራስ የሚለውን ቃል በኮነማራ «ክያን» ብለው ያስረዝሙታል፤ በማንስተር «ክያውን» ይሆናል፤ በዶነጎል «ክያን» ተብሎ ያጥራል። ልጃገረድ የሚለውን «ካሊን» ደግሞ ኮነማራ ጫናውን መጀመሪያው ላይ፣ ማንስተር ሁለተኛው ላይ ያሳርፋል። ዜማው በጫናው ላይ ስለሚቆም አንዱን ለሌላው መተካት አይቻልም። ኦ ሄኒን የመረጠ ሰው ኮነማራን መርጧል፤ ሁሉም ነገር ከዚያ ይቀጥላል።

ሁለተኛው አገልግሎት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ ትያንግላን የተባለው የመዝገበ ቃላት ገጽ። አድራሻው ሲጻፍ ቲ፣ ኢ፣ ኤ፣ ኤን፣ ጂ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤን፣ ኤን፣ ከዚያ ዶት አይ ኢ ነው። በአየርላንድ የቋንቋው ተቋም ፎረስ ና ጌልገ የሚያስተዳድረው ሲሆን ትልቁን የ1977 የአይሪሽኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በውስጡ ይዟል። ለዘፋኝ ዋና ጥቅሙ ግን የአጠራር ክፍሉ ነው፤ አንድ ቃል ተጽፎ ሲፈለግ በሦስቱም ዘዬዎች የተቀረጹ የተናጋሪዎች ድምፆች ይቀርባሉ። ሲ የሚለው ፊደል ኮነማራ ያለበት የኮናኽት ዘዬ ነው፤ ኤም ማንስተር፣ ዩ ዶነጎል ያለበት አልስተር ነው። ሲን ብቻ ይጫኑ። ድክመቱ ቃሉን ብቻውን መጥራቱ ነው። ዘፈን ውስጥ ቃላት እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ የቃሉ መነሻ ፊደልም ከፊቱ በመጣው ቃል ምክንያት ይለወጣል። ሐዋርያው ጴጥሮስ «ፕያደር» ነው፤ ጴጥሮስ ሆይ ብለው ሲያነጋግሩት ግን «አ ፍያደር» ይሆናል። ስለዚህ ትያንግላን የቃሉን ድምፅ ይሰጣል፣ የዐረፍተ ነገሩን ድምፅ ደግሞ ከኦ ሄኒ አፍ መውሰድ ነው።

ስለ አጠራሩ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው። አይሪሽኛ ውስጥ እያንዳንዱ ተነባቢ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ቀጭን። ሰፊው ከኋላው «ው» የመሰለ ጥላ ይጥላል፤ ቀጭኑ «ይ» የመሰለ። አማርኛ ተናጋሪ ለሰፊው ቅርብ ነው፤ ሟ፣ ቧ፣ ፏ ስንል ከንፈራችን የሚይዘው ቅርጽ ለዚህ ያገለግላል፤ ቢጫ የሚለው ቃላቸው «ብዊ» ተብሎ ነው የሚሰማው። ከቀጭኖቹ ሽ እና ኝ በአማርኛ አሉ። ት እና ድ የሚባሉትን ሰፊ ድምፆች ምላስን ጥርስ ላይ አሳርፎ መጥራት ነው፤ በእንግሊዝኛ አጠራር ከመጣ ሰው ይልቅ በአማርኛ የመጣው ይቀናዋል። በጣም የሚያስቸግረው ቀጭኑ ር ነው። ምላስን እንደ አማርኛው ር አንድ ጊዜ ብቻ አስነክቶ ወዲያው ወደ ይ ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ካልተጠነቀቁ «ርይ» ተብሎ ሁለት ድምፅ ይሆናል።

ሁለት የጉሮሮ ድምፆች አሉ። አንደኛው ኸ ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪ እንደሚጠራው እየፈገፈገ የሚወጣ እንጂ እንደ ተራ ሀ የሚሳሳ አይደለም። ሁለተኛው የኸ ወንድም ነው፤ ኸን እያሉ ጉሮሮን አብሮ ማሰማት። አረብኛ የሚያውቅ ሰው ጋይን ይለዋል። ፍቅሬ የሚለው ቃላቸው ውስጥ ይገኛልና ሳይለምዱት አንድም የፍቅር ዘፈን አይዘለቅም። በደረቅ ግ መተካት ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው።

ከአማርኛ ይዘናቸው መምጣት የሌለብን ደግሞ ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጵ እና ጽ ናቸው። አይሪሽኛ ውስጥ እነዚህ ፈንጂ ድምፆች የሉም። በተለይ ስንኝ ሲጠናከር አማርኛ ተናጋሪ ት ን ወደ ጥ፣ ክ ን ወደ ቅ ይገፋል፤ ኦ ሄኒ ሲዘፍን እንዲህ ያለ ጥይት አይሰማም። መጥበቅና መላላትም በዚያ ቋንቋ ትርጉም አይለይም፤ ስለዚህ በልማድ ፊደል አናጥብቅ።

አጻጻፉ በላቲን ፊደል ስለሆነ ያሳስታል። አየህ ወይ የሚለው ጥያቄ በኮነማራ «አ ዋከ ቱ» ተብሎ ይሰማል፤ ሲጻፍ ግን ከ«ዋ» ፊት ሦስት ተነባቢዎች፣ ቢ፣ ኤች፣ ኤፍ፣ ተደርድረው ይታያሉ። ሕጉን ማጥናት ይቻላል፤ ለዘፈን ግን ፈጣኑ መንገድ ግጥሙን እየሰሙ በራሳችን ፊደል መጻፍ ነው። ፊደላችን አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፦ አይሪሽኛ ጫና በሌለበት ክፍለ ቃል ላይ አጭሩን አናባቢ ያደበዝዘዋል፤ ያ የደበዘዘ ድምፅ ከግዕዙ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ረድፍ ድምፅ፣ ከገ፣ ከሰ፣ ከረ ጋር ይቀራረባል። እና የሚለው ቃላቸው «አገስ» ነው። ጨለማ የሚለው «ዶረኸ» ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ከር በኋላ አናባቢ የለም፣ ሲነገር ግን ይገባል። ረጅሙን አናባቢ ደግሞ ፊደሉን በመድገም ማሳየት ይበቃል፤ ኦኦ፣ ኢኢ፣ ኣኣ እያሉ።

ጌጦቹን በደብተር ላይ ለማስታወስ የዜማ ቤት ሰው አዲስ ምልክት መፍጠር አያስፈልገውም። ከፊደሉ ራስ ላይ ርክርክ ሲታይ ድምፁ የሚንቀጠቀጥበት፣ ሒደት ሲታይ የሚንሸራተትበት፣ ቁርጥ ሲታይ በድንገት የሚቋረጥበት ነው ብሎ መያዝ ይቻላል። ለሻን ኖስ ሦስቱ ይበቃሉ። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ከዘፈን ጋር መቀላቀል አይደለም፤ የማስታወሻ ዘዴውን ብቻ መዋስ ነው። ምልክቱን የማያውቅ ሰው በእርሳስ ሞገድ፣ ጭረትና ነጥብ ቢጠቀም ያው ነው።

ለመጀመሪያ ዘፈን የምመክረው ክዊንየ ና ድሪ ሙርየ የተባለውን፣ የሦስቱ ማርያሞችን ሙሾ ነው። በማኅደሩ ውስጥ በኦ ሄኒ ድምፅ አለ። በካርና አካባቢ በስቅለት ዕለት ይባል የነበረ የሕማማት ልቅሶ ነው። ማርያም ጴጥሮስን የምወደውን አየኸው ወይ ብላ ትጠይቀዋለች፤ በጠላቶቹ መካከል እንዳየው ይነግራታል፤ ልቅሶው ከዚያ ይቀጥላል። ሰሞነ ሕማማትን ለሚያውቅ ሰው ታሪኩ ማብራሪያ አይፈልግም። ለጀማሪ የሚመች የሆነው ግን በአሠራሩ ነው፤ ስንኞቹ አጫጭር ናቸው፣ ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላም «ኦኾን አገስ ኦኾን ኦ» የሚለው አዝማች ይመለሳል። በአንድ ዘፈን ውስጥ አንድን ሐረግ ደጋግሞ ማለት ስለሚያስገድድ ኸ ድምፅ፣ ረጅሙ ኦ እና የመጀመሪያው ጌጥ በአንድነት ይለመዳሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ግጥሙን ሳያዩ መስማት ብቻ፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ የእንግሊዝኛውን ትርጉም አንብቦ ታሪኩን በአማርኛ በደብተር ማስፈር፤ የሚያዜመውን የማያውቅ ሰው ትንፋሹን የት እንደሚወስድ አያውቅም። ቀጥሎ ግጥሙን በፊደል መጻፍ፣ ያልለየ ቃል ሲኖር ትያንግላን ላይ ፈትሾ ማረም። አራተኛው፣ ብዙዎች የሚዘሉት፣ ግጥሙን ያለ ዜማ እንደ ወሬ መናገር ነው፤ ሳይደናቀፉ ከዳር እስከ ዳር እስኪሉት ድረስ አለማዜም። ሻን ኖስ በንግግሩ ፍጥነት ላይ ስለሚሄድ ንግግሩ የተጎተተበት ሰው ዜማውም ይጎተትበታል። ከዚያ በኋላ ዜማውን ያለ ጌጥ፣ ዐፅሙን ብቻ ማዜም። ጌጥ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ እሱም በአንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ብቻ። በዚህ አካሄድ ለአንድ ዘፈን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መስጠት ተገቢ ነው፤ በሳምንት አንድ ዘፈን የሚል ሰው ቃላት ይሸመድዳል እንጂ ሻን ኖስ አይማርም።

ጌጦቹ ምንድን ናቸው? በጣም የተለመደው መዞሪያው ነው፤ ዋናው ድምፅ፣ ከላይ ያለው ጎረቤቱ፣ ዋናው፣ ከታች ያለው ጎረቤቱ፣ እንደገና ዋናው። አምስቱም በአንድ አናባቢ ላይ በፍጥነት ይባላሉ። ሁለተኛው በሁለት የተራራቁ ድምፆች መካከል ያለውን ክፍተት በመካከለኛ ድምፆች እየሞሉ መሄድ ነው። ሦስተኛው ዋናው ድምፅ ከመምጣቱ በፊት ብልጭ የሚል አጭር ድምፅ ነው። ከእነዚህ ሌላ ጉሮሮን ዘግቶ ድምፁን ለቅጽበት መቁረጥ አለ። ጌጡ ሁልጊዜ ትልቁ ቃል ላይ አይወድቅም። ኦ ሄኒ ሲዘፍን «እና» የሚለውን ትንሽ ቃል አስጊጦ የስም ቃሉን ባዶውን ሲተወው ይሰማል። ስሜት ያለው ቃል ላይ ብቻ ጌጥ የሚከምር ሰው ዘፈኑን ቲያትር ያደርገዋል።

አንድ ነገር ከጌጦቹ ሁሉ ይበልጥ ለአማርኛ ዘፋኝ አዲስ ይሆናል። እኛ ድምፅ ስናስረዝም አናባቢው ላይ እንቆማለን። እነሱ ብዙ ጊዜ አናባቢውን ቶሎ ዘግተው ተነባቢው ላይ፣ ም፣ ን፣ ል፣ ር ላይ ይቆማሉ። «ኦኾን» ሲባል ርዝመቱ ከፊሉ ን ላይ ይወድቃል። አፍን ቶሎ መዝጋትና ድምፁን በአፍንጫ ማስኬድ ይፈልጋል። ይህ ብቻ ሲስተካከል ዘፈኑ ግማሽ በግማሽ መልኩን ይይዛል።

ሌላው ከባድ ነገር፣ ሁለተኛው ስንኝ የመጀመሪያው ግልባጭ አለመሆኑ ነው። ግጥሙ ሲለወጥ የክፍለ ቃሉ ቁጥር ይለወጣል፤ ስለዚህ ጌጡም ቦታ ይቀይራል። አንዱን ስንኝ በቃል ይዞ በሌሎቹ ላይ መለጠፍ ወዲያው ይታወቃል። ዘዴው የሦስት ስንኞችን ተመሳሳይ ቦታ ተራ በተራ መስማትና ልዩነቱን በደብተር ጎን ለጎን መጻፍ ነው። እዚህ ላይ ፍጥነት መቀነስ ይረዳል። ቀረጻው ስልክ ላይ ካለ ቪኤልሲ፣ ኮምፒውተር ላይ ካለ ኦዳሲቲ ድምፁን ሳያወፍሩ ያዘገያሉ፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ወደ 75 በመቶ ማውረድ ይበቃል። ከ50 በመቶ በታች ከወረደ ፕሮግራሙ ራሱ ድምፁን ያደበዝዘዋል፤ የሌለ ርክርክ ያሰማል፣ ያለውን ያጠፋል።

ስለ ቅኝት። ብዙ የአየርላንድ ዜማዎች ከሰባቱ ድምፆች አምስቱን ወይም ስድስቱን ብቻ ይጠቀማሉ። አምስት ድምፅ ያላቸው አንዳንዶቹ ከትዝታ ሜጀር ጋር አንድ ዓይነት ስለሆኑ ለማሲንቆ ተጫዋች ቤቱ የገባ ያህል ይቀሉታል። ችግሩ ከዚህ ይነሣል፤ ጆሯችን ሁሉንም ወደ ትዝታ ይስበዋል። አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ በአጭሩ ሲያልፉ ሳንሰማቸው እንዘላቸዋለን። ሰባተኛው ደግሞ በብዙ ዘፈኖች ከተለመደው ሜጀር ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ አንዳንዴም ከሁለቱ መካከል ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ በኪቦርድ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ዜማውን በኪቦርድ እየፈለጉ መማር አያዋጣም፤ ማሲንቆ ይሻላል፣ ከማሲንቆም ባዶ ድምፅ ይሻላል። ማሲንቆ ለልምምድ ቢፈቀድም ሲዘፈን አብሮ መጫወት ግን ዘፈኑን ሌላ ነገር ያደርገዋል።

የመነሻውን ድምፅ ለመምረጥ በመጀመሪያ የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ ማግኘት ነው። ብዙ ዘፈኖች አራት የዜማ ሐረግ አሏቸው፤ አንደኛውና አራተኛው ይመሳሰላሉ፣ መካከለኞቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ከፍተኛውን ቦታ ሳይጨነቁ የሚደርሱበትን ልክ አግኝቶ ከዚያ ወደ መጀመሪያው መውረድ። የኦ ሄኒን መነሻ መቅዳት አያስፈልግም፤ ሴቶችማ ጨርሶ ሊሞክሩት አይገባም።

ትንፋሽ የሚወሰደው ትርጉሙ በሚፈቅድበት ቦታ እንጂ በየስንኙ መጨረሻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሐረግ ይያያዛል፤ አንዳንድ ጊዜ መካከል ላይ ይቆረጣል። ኦ ሄኒ የት እንደተነፈሰ በደብተሩ ላይ በቀይ ማመልከት ይጠቅማል።

ሌሎቹን አገልግሎቶች በአጭሩ ልናገር። በደብሊን የትሪኒቲ ኮሌጅ ያዘጋጀው አበር የተባለው ገጽ የተጻፈን አይሪሽኛ በሦስቱ ዘዬዎች በኮምፒውተር ድምፅ ያነባል። ትያንግላን የማይሰጠውን የዐረፍተ ነገር አጠራር ስለሚሰጥ አንድ ስንኝ ሲያስቸግር ይጠቅማል። አናባቢና ተነባቢ ይወሰድበት፣ አካሄድና ስሜት ግን በፍጹም አይወሰድበት። እ.ኤ.አ. በ1987 በደብሊን የተቋቋመው የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ማኅደር ብዙ ቀረጻ በነጻ ይሰጣል፤ ሀብቱ ሰፊ ነው፣ ለጀማሪ ግን የትኛውን ልክፈት በሚል ያባክናል። አንድ ዘፈን ከተጠና በኋላ ያንኑ ዘፈን ሌላ ሰው እንዴት እንደሚለው ለማነጻጸር ቢኬድበት ይሻላል።

ራዲዮ ና ጌልታኽታ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2 ቀን 1972 ጀምሮ በአይሪሽኛ የሚያሰራጭ የሕዝብ ሬዲዮ ነው፤ ዋና ጣቢያው ካስለ፣ ኮነማራ ውስጥ ነው፤ በኢንተርኔትም በነጻ ይደመጣል። ትርጉሙ ባይገባም ጆሮ የቋንቋውን ውጣ ውረድ ይለምዳል፤ ዜናና ጭውውት እየሰሙ ሥራ መሥራት ጥሩ ልምምድ ነው። በዳታ በኩል በ128 ኪሎቢት የሚመጣ ድምፅ በአንድ ሰዓት ወደ 58 ሜጋባይት ይበላል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ከሬዲዮው ይልቅ የማኅደሩ አጫጭር ቀረጻዎች ያዋጣሉ፤ ገጹን ኔትወርክ በሚሻልበት ሰዓት ከፍቶ፣ ድምፁን ለራስ ልምምድ በሁለተኛ ስልክ መቅረጽ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ሁለቱን ስልኮች ጨርቅ ላይ አጠጋግቶ ማስቀመጥ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ከሆኑ እንጨቱ ያስተጋባና ጥቃቅን ጌጦቹ ይጠፋሉ።

ማን ይጠቀምበታል? ዜማ ቤት ያለፈ ሰውና ማሲንቆ የሚጫወት ሰው በቶሎ ይራመዳሉ፤ ጆሯቸው ከአንድ ድምፅ ጋር መቀመጥ ለምዷል። የመዘምራንና የባንድ ዘፋኞች ድምፃቸው የተገራ ቢሆንም ምት መፈለግ ያስቸግራቸዋል፤ እግራቸው ከመሬት ጋር መምታት ከጀመረ ዘፈኑ ዋልዝ ወደሚባለው የዳንስ ምት ይለወጣል። ለእነሱ ቆሞ ሳይሆን ተቀምጦ፣ እጅን ለሌላ ሰው ሰጥቶ መለማመድ መፍትሔ ነው። ልጆች ቃሉን ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይይዛሉ፤ ጌጡን ግን አትጫኑባቸው።

የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ ቀጣዩ አናኽ ኩዋን ቢሆን ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1828 በጎልዌይ አጠገብ፣ በኮሪብ ውሃ ላይ ጀልባ ሰጥሞ ለሞቱ የአንድ መንደር ሰዎች ዐይነ ስውሩ ባለቅኔ ራፍተሪ የደረሰው ሙሾ ነው። ስንኙ ከመጀመሪያው በጣም ስለሚረዝም የትንፋሽ አያያዝን ያስተምራል። የሟቾችን ሞት በስንኝ መዘርዘር ለጎጃም አስለቃሽ እንግዳ ነገር አይደለምና የግጥሙ አካሄድ ቶሎ ይገባል።

የተማሩትን ለመመዘን ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ1897 የተጀመረው ኢረኽተስ የተባለው የአይሪሽኛ የጥበብ በዓል በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ይካሄዳል፤ የሻን ኖስ ትልቁ ውድድር ኮርን ኢ ሪየደ በዚያ ይዘፈናል፤ ራዲዮ ና ጌልታኽታም በቀጥታ ያስተላልፈዋል። ከየአካባቢው የመጡ ዘፋኞች ተከታትለው ስለሚዘፍኑ የሦስቱ ስልቶች ልዩነት በአንድ ምሽት ይሰማል። አየርላንድ ሰዓቷን በመጋቢትና በጥቅምት ትቀይራለች፤ በክረምታቸው ከእኛ 3 ሰዓት፣ በበጋቸው 2 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ውድድሩ የሚውለው ሰዓቱ በሚቀየርበት ሰሞን ስለሆነ ቀኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ከተቀየረ በኋላ ከሆነ በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 8 ሰዓት የሚባለው በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው።